ደብረ ሲና ነው ያልኩት መንገድ

ይህን ታሪክ ከእኔ በፊት ከአቶ ተካልኝ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ሰምቶታል። በእሱ አተራረክ ጭጋግ አለ፣ በረዶ አለ፣ ጀግናም አለ። ጀግናው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። እኔ ወደ መጨረሻው ገደማ "አንዲት የምናውቃት ሴትዮ" ተብዬ ብቅ እላለሁ። ሴትዮዋ አሁን በተራዋ ልትናገር ነው።

ያን ጊዜ ከእንጦጦ ሥር ወሰን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በመኪና ጋራዦች መሃል፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ጉርድ ፎቶ ነበር የማነሳው። "አገጭዎን ቀና፣ ትከሻዎን ዝቅ፣ ጆሮዎ ይታይ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ የሚውል ሰው ማለዳ ማለዳ ወደ ተራራ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ካሜራዬን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ፣ ዛፍና ጭጋግ አነሳለሁ፣ ዛፍ ደግሞ "ወፍራም አስመሰልሽኝ" አይልም። ባል ነበረኝ፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም።

የእግረኞች ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ነበርኩ። አቶ ተካልኝ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጡረታ ወጥቶ የሚመራው ሰው አጥቶ ነበርና በመጣ በወሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ከማኅበሩ የወጣሁት በሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም እሱ በጤና ችግር ነው የወጣችው እያለ ያወራል።

አንደኛው ካላንደር ነው። አንድ ዓመት ካላንደር እናሳትም አለና ፎቶዎቼን ወሰደ። ታትሞ ሲመጣ በየገጹ ግርጌ "የማኅበሩ ንብረት" ይላል። የእኔ ስም የትም የለም። ስጠይቀው "ወይዘሮ አሰለፈች፣ ማኅበር ውስጥ እኔ የሚባል ነገር የለም" አለኝ። ሽፋኑ ላይ ግን የእሱ መልእክት ከነፎቶው አለ። ያንንም ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮው እንዲታይ አገጩን ቀና ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቀለም ነው። የእግር መንገዱ ምልክት ያስፈልገዋል ሲባል እኔ ድንጋይ እንደርድር አልኩ። እሱ ዛፎቹ ላይ ቢጫ ቀለም ይቀባ አለ። "ባህር ዛፍ እኮ ነው፤ ባለቤት አለው፤ ሲደርስ ይቆረጣል" ብል "አፍራሽ ሐሳብ" ተባለና እጅ ወጣ። ታናሽ እኅቴ ውቢትም እጇን አወጣች፣ ለቀለሙ። የእናቴ ልጅ! ያን ቀን ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ከውቢት ጋር ለቅሶ ቤት ካልሆነ አልተገናኘንም፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ከድንኳኑ ወዲያኛው ጥግ ነበር የምቀመጠው።

ማኅበሩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበረኝ። ከተራራው ጫፍ በገደሉ ጥግ ጥግ ወደ ወሰን በላይ የምትወርድ አሮጌ የእግር መንገድ አለች። የመኪናው መንገድ ሲሠራ ሰው ትቷት፣ ቁጥቋጦ ውጧት ነበር። እኔ ነኝ በማጭድ እየመነጠርኩ ያወጣኋት። መሃሏ ላይ ባህር ዛፍ ያልደረሰበት፣ የጥንት ወይራና ጽድ የቆመበት ገላጣ ቦታ አለ፤ ጭጋግ ሲገባበት ቤተ መቅደስ ይመስላል። ለማንም አላሳየሁም። ላይኛው መግቢያዋ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ እጥልባታለሁ፤ ከታች ስወጣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሰው ካለ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ እላለሁ። ፎቶውን አይቶ "የት ነው?" ለሚለኝ ሁሉ "ደብረ ሲና" እል ነበር። ሩቅ ነው፣ ጭጋግም አያጣም፣ ሄዶ የሚያጣራም የለም።

እንግዲህ ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። መስከረም ገብቷል፤ ክረምቱ ግን ወሬውን አልሰማም። ከጫፉ ላይ፣ አንድ ገበሬ ድንች ከዘራበት ማሳ ዳር፣ ጽድ ሥር ተቀምጬ ጭጋጉ እስኪከፈትልኝ እጠብቃለሁ። ካሜራዬ መቆሚያው ላይ ነው፤ ጃንጥላዬን ለእሱ ይዤ እኔ እርሳለሁ። ያን ጊዜ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ምልክቱን ተከተሉ! ቢጫውን ብቻ ተከተሉ! ከመስመር አትውጡ!"

አቶ ተካልኝ ነው። ከኋላው ማኅበሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተሰልፎ ይመጣል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ውቢት መጨረሻ ላይ ነበረች። ትንፋሼን ዋጥኩ። በፊቴ አለፉና ጭጋጉ ዋጣቸው።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያ ቀለም የተቀባው ባህር ዛፍ በክረምቱ ተቆርጦ ነበር፣ እንዳልኩት። ባለቤቱ ደህና ደህናውን ለግንባታ ሸጦ፣ በተረፈው የድንች ማሳውን ከከብት አጠረበት። ቀለሙን ማን ይፍቀው? እንዳለ ተተከለ። ትንሽ ራመድ ሲሉ ቢጫ አለ፣ ደግሞ ራመድ ሲሉ ቢጫ። በእንጦጦ ተራራ ላይ እንደዚያ አጥር በደንብ ምልክት የተደረገበት መንገድ ኖሮም አያውቅ። ችግሩ ክብ መሆኑ ነው።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና መጡ።

"ጋሼ፣ ይቺን ድንጋይ ቅድም ያየናት መሰለኝ" አለች አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ።

"እንጦጦ ላይ ድንጋይ ሁሉ ይመሳሰላል። ተራመጂ!"

የጋቢዬን ጫፍ ነከስኩ። ሳቅ ሊገድለኝ ነበር። ከዚያ ካላንደር ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም። ሦስተኛውን ዙር ለማየት ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ዙር ግን ከሰልፉ ጫፍ ፉጨት የሚመስል ነገር ሰማሁ። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ። ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ከጀርባዬ ሲያፏጭ ያድር የነበረ ነው። ውቢት አስም አለባት። ተነሳሁ።

"ማነው?" አለ አቶ ተካልኝ ዱላውን ከፍ አድርጎ።

"ዝቅ ያድርጉት። ጅብ በቀን አይወጣም።"

"ወይዘሮ አሰለፈች! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ተቀምጬ እያየኋችሁ ነው። ድንቹ ደርሷል ወይ?"

"የምን ድንች?"

"የምትዞሩት።"

ባለ ቀይ ኮፍያዋ ልጅ አጥሩን በእጇ ዳሰሰችው። "ወይኔ! አጥር ነው! ጋሼ፣ አጥር ስንዞር ነበር!" አንዱ ጎረምሳ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ሳቀ። ሌላው አላመነም፤ አንዱን ቋሚ ይዞ ነቀነቀው። አቶ ተካልኝ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በዱላው እየነካ ትንሽ ሄደና ተመልሶ መጣ።

ውቢት እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ አይደለሁም" አልኩና ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩላት። "የምትነፊው መድኃኒት የታለ?"

"አለቀ... ጠዋት ወንዙን ስንሻገር... ስፈራ ስፈራ ጨረስኩት።"

ጠዋት የተሻገሩት ወንዝ አሁን ደፍርሶ ሞልቷል፤ ድምፁ እላይ ድረስ ይሰማል። በዚያ መመለስ አይቻልም። በተራራው ጀርባ ዞሮ አስፋልት ለመድረስ ረጅም ነው፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው፤ ያቺን ደረት ይዛ አትዘልቀውም። በዚህ መሃል በረዶ ጀመረ። የቀረው አንድ መንገድ ነው።

ያን ደቂቃ ያሰብኩት ስለ እኅቴ ብቻ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል። አልልም። ወይራዎቼ ላይ ቢጫ ቀለም ታየኝ። በሚቀጥለው ዓመት ካላንደር ላይ "በሊቀ መንበሩ የተገኘ መንገድ" የሚል ታየኝ። ከዚያ ውቢት ደግማ አፏጨች።

"መንገድ አለኝ። አጭር ነው፣ ከነፋስም የተጠለለ ነው" አልኩ። "ግን መጀመሪያ ስልካችሁን ሁላችሁም እዚህ ፌስታል ውስጥ ክተቱ።"

"ለምን እማማ?" አለ ጎረምሳው።

"አንደኛ፣ እማማህ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ሎኬሽን ይመዘግባል፣ ከዚያ አገር ሁሉ ይግተለተላል።"

"ኔትወርክ እኮ የለም።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል? አምጣ።"

ልጆቹ እየተሳሳቁ ከተቱ። አቶ ተካልኝ ግን ደረቱን ነፋ። "ይህ የመብት ጥሰት ነው። እኔ እንደ ሊቀ መንበር..."

"እሺ፣ እርስዎ ድንቹን ይዙሩ።"

ስልኩን አውጥቶ ጣለ። እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ። ከውስጥ ኪሱ ሁለተኛውንም አወጣ።

ካሜራዬን ሰብስቤ ያዝኩ፤ ቅርንጫፉን ከመግቢያዋ ላይ ሳነሳ ልጆቹ "እንዴ!" አሉ። አቶ ተካልኝን ከፊት አድርጌው ነበር፤ ከኋላዬ ምን እንደሚሠራ አላውቅማ። ውቢትን ክንዴ ላይ አስደግፌ፣ "በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ዝም በይ" እያልኩ ቀስ እያልን ወረድን። ገደሉ ነፋሱን ይከልላል። ቁጥቋጦው በረዶውን ይቀበላል። ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ጋ ስንደርስ ውቢት አቀርቅራ ፊቷን ታጠበችና ፉጨቱ ቀለል አለላት። አቶ ተካልኝ በየመዞሪያው "ቀጥሎስ በየት ነው?" ይላል፤ እኔም "በእግርዎ" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት የሚይዘው ቅርንጫፍ ሁልጊዜ እሾህ ነው፤ ይህን እኔ አላዘጋጀሁትም።

ወይራዎቹ ጋ ስንደርስ በረዶው አቆመና ጭጋጉ በዛፎቹ መሃል ዝቅ ብሎ ተኛ። ሁሉም ሳይባሉ ቆሙ።

"ቆይ ቆይ ቆይ" አለች ባለ ቀይ ኮፍያዋ። "ይሄ የካላንደሩ ፎቶ ነው! የመስከረሙ!"

"የመስከረሙ ደብረ ሲና ነው" አለ አቶ ተካልኝ።

"እሱ ነው እንጂ! ይኸው ያ ጠማማው ግንድ!" ወደ እሱ ዞረች። "ጋሼ፣ ደብረ ሲና አብሬያት ነበርኩ፣ የካሜራውን መቆሚያ የያዝኩላት እኔ ነኝ ብለውን አልነበር?"

እኔም በጣም ለማወቅ የምፈልገው ጉዳይ ስለነበር አንገቴን ዘንበል አድርጌ ጠበቅሁት።

"ቦታዎች..." አለ አቶ ተካልኝ፣ "ቦታዎች ይመሳሰላሉ።"

"እንደ ድንጋዩ" አለ ጎረምሳው ቀስ ብሎ።

ውቢት ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። "አትሳቂ፣ ትሞቻለሽ" አልኳት፤ እኔም ግን አልቻልኩም።

"ለእኔም እኮ ደብረ ሲና ነው ብለሽኝ ነበር" አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ለሱ ትነግሪዋለሽ ብዬ።"

ትንሽ አሰበች። "እነግረው ነበር" አለች። እኅቴ ክፋት የላትም፣ አፏ ግን ክዳን የለውም።

እስከዚህ ድረስ ቀኑ የእኔ ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ከታች፣ መንገዷ ሰፈር ውስጥ ከምትገባበት ቦታ ስንደርስ፣ ፊት ለፊታችን አዲስ ቆርቆሮ ቆሟል። ከሳምንት በፊት አልነበረም። ሠራተኞች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ቦት ጫማ ያደረገ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ምስማር ያቀብላል። የመጨረሻዋ ክፍተት ቀርታለች፤ ለእሷም የምትሆነው ቆርቆሮ ተደግፋ ትጠብቃለች።

ሰውዬው ከቁጥቋጦው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ሲወጣበት አፉን ከፈተ። "ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከላይ። በመንገዱ።"

"የምን መንገድ? እዚህ መንገድ የለም።"

ውቢትን ሲያይ ግን ወዲያው ተለወጠ። "እናትን አሳልፉ! ባጃጅ ጥሩ!" አለ። ሁለት ሠራተኞች ደግፈው አወጧት፣ ባለ ቀይ ኮፍያዋ ልጅ አብራት ወደ ክሊኒክ ሄደች። ሰውዬው ጨዋ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ለዛሬ ሁላችሁም እለፉ" አለ። "ነገ ግን ይዘጋል። ችግኝ ላፈላበት ነው፤ ከብት እንዳይገባብኝ።"

"ይህ መንገድ እኔ ለስንት ዘመን የሄድኩበት ነው" አልኩት።

"እማማ፣ እኔ ከፊት ለፊት ነው የምኖረው። እርስዎን አንድ ቀን አይቼዎት አላውቅም።"

እውነቱን ነው። እንዳያየኝ ስደክም ነው የኖርኩት።

"ሳልጠይቅ አላጠርኩም" አለ ደግሞ። "ሰፈሩን ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ድሮ ነበረ፣ ጠፍቷል ነው ያሉኝ። የሚሄድበት ሰው አለ ያለኝ የለም። አለ የሚል አንድ ሰው ያምጡልኝና ልስማ።"

አንድ ሰው! ከቅርንጫፉ ኋላ፣ ከ"ደብረ ሲና"ው ኋላ፣ ማንን ላምጣ? መንገዴን ከሰው ሁሉ ደብቄ፣ ደብቄ፣ አለች የሚልላት እንዳይኖር አድርጌያለሁ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ያንን ጉሮሮ በየስብሰባው ስሰማው ኖሬያለሁ።

"ምን ማለትህ ነው?" አለ አቶ ተካልኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እሾህ እጅጌው ላይ ተሰክቶ፣ ልክ ንግግር እንደሚያደርግ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ይህ መንገድ የማኅበራችን መደበኛ መንገድ ነው! እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የወጣሁ የወረድኩበት ነው!"

ከልጅነቱ! ከአንድ ሰዓት በፊት ድንች ሲዞር የነበረ ሰውዬ!

ሰውዬው ተጠራጠረ። "እንግዲያው ምንጩ የት ጋ ነው?"

"ከወይራዎቹ በላይ፣ በስተቀኝ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር። ከዚያ በታች ጠማማ ግንድ አለ። አንተ ልጅ፣ እኔን ትፈትነኛለህ? እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው!"

"እኔም እሄድበታለሁ" አለ ጎረምሳው ዓይኑን ሳያሽ። "እኔም" አለ ሌላው። "እኔማ ዘወትር" አለች አንዲት፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት። ሁሉም ተራ በተራ ዋሹልኝ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው እማማ?"

አቶ ተካልኝ ወደ እኔ አልተመለከተም። ቆርቆሮውን ነበር የሚያየው። በዕድሜዬ ብዙ መራራ ነገር ውጬያለሁ፤ እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የጎመዘዘኝ ግን የለም።

"አዎ" አልኩ። "ከእሳቸው ጋር ነው የምንሄደው።"

ሰውዬው ምስማሩን በእጁ ሲያንቀጨቅጭ ቆየ። "እንግዲያው ቀዳዳውን እተወዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ግን በቃል ብቻ አይሆንም። ሰው ሲያልፍበት በዓይኔ ልየው። ካላየሁ እዘጋዋለሁ፤ ያኔ እንዳትቆጡኝ።"

ልጆቹ ስልካቸውን ከፌስታሉ ውስጥ እየለቀሙ ሳለ አቶ ተካልኝ ጠጋ አለኝ። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። "ወይዘሮ አሰለፈች" አለኝ፣ "ከአሁን በኋላ መረጃ ከማኅበሩ አትደብቂ።"

እኅቴ በማግስቱ ተሽሏት ፎቶ ቤቴ መጣች። እንታረቅ አልተባባልንም፤ ተቀመጠችና ስለ ሰው ሁሉ አወራችልኝ። ለቅሶ ቤትም አሁን አጠገቧ ነው የምቀመጠው፤ ከሌላ ቦታ ሆኜ ዝም ላሰኛት አልችልም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር የእኔ ነው የምለው ሌላ ሰው ሳያየው ሲቀር ነበር። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ይኖራችኋል፤ ቦታ ይሆናል፣ ሙያ ይሆናል። ጠብቁት፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ማንም የማያውቀው መንገድ ሲጠፋም ማንም አያውቅም። እኔ መንገዴን ከቢጫ ቀለም ሳድናት ለቆርቆሮ አሳልፌ ልሰጣት ነበር። ለእሷ የቆሙላት እኔ የማልወዳቸው ሰዎች ናቸው፤ የቆሙላትም በውሸት ነው። ይህን በየቀኑ አስበዋለሁ፤ በየቀኑም ያናድደኛል።

አሁን ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስቤ አወርዳለሁ። የሚያወሩ፣ የሚዘፍኑ፣ ወይራው ሥር ተቃቅፈው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች። ለሌሎቹ አሮጌ መንገዶችም፣ ከመዘጋታቸው በፊት፣ በየቢሮው እየዞርኩ እከራከራለሁ። "ይህ መንገድ የማን ነው?" ሲሉኝ "የሁሉም ነው" እላለሁ፤ አሁንም ስለው ጥርሴን ያመኛል። አቶ ተካልኝ ከፊት ሆኖ ታሪኩን ለአዲስ ሰው ይተርካል። በየሳምንቱ በረዶው ይተልቃል፣ ድንቹ የለም፣ እሱም ይበልጥ ሕፃን ሆኖ ነው መንገዷን ያገኛት። አላርመውም። እግሩ ይርገጥልኝ እንጂ አፉ የፈለገውን ይበል ብያለሁ። ለዚህ ነው ተቀምጬ የጻፍኩት፤ መናገር ተውኩ እንጂ መጻፍ አልተውኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርድ ነበር። እላይ ወጥቼ ጠበቅሁ፤ አንድም ሰው አልመጣም። ልመለስ ስል አንድ ጥቁር ጃንጥላ በጭጋጉ ውስጥ እያነከሰ መጣ። አቶ ተካልኝ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ወረድን፤ ምንጩንም ወይራዎቹንም አለፍን። ከታች ስንደርስ ያ ባለ ቆርቆሮው ሰውዬ ከቤቱ በር ላይ ብቅ አለ። እኛን አየ። ሁለታችንም መታየታችንን እርግጠኛ እስክንሆን ቀዳዳው መሃል ትንሽ ቆምን፤ ከዚያ አቶ ተካልኝ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሄድን።